የካፒቴኑን ገጾች የምትለውጠው

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አሮጌ ወረቀት አውጥቶ በቦታው አዲስ ወረቀት መክተት ነበር። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲላት እንዲህ ብላ ስትነግረው «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?» ብሎ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ነገር ግን የአየር መንገድ ግማሹ ብረት ቢሆን ግማሹ ወረቀት ነው። አውሮፕላኑ ስንት ነዳጅ ይዞ መነሳት እንዳለበት፣ አብራሪው ስንት ሰዓት ሠርቶ ስንት ሰዓት ማረፍ እንደሚገባው፣ ጉም ሲኖር እስከ የት ዝቅ ብሎ መሬት ካላየ መመለስ እንዳለበት፣ ሁሉም በክላሰር በተያዙ ወፋፍራም መጻሕፍት ውስጥ ተጽፏል። እነዚህ መጻሕፍት ደግሞ እንደ ሌላው መጽሐፍ አንዴ ታትመው አያበቁም። በየወሩ፣ አንዳንዴም በየሳምንቱ፣ «ይህን ገጽ አውጥታችሁ ይህን አስገቡ» የሚል ጥቅል ይመጣል።

የምትሠራበት ክፍል አብራሪዎች ከበረራ በፊት ከሚሰበሰቡበት አዳራሽ ጎን፣ በጠባብ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነበር። አንዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እንደ ፖስታ ሣጥን በተከፋፈለ መደርደሪያ ተሞልቷል፤ ለእያንዳንዱ አብራሪ አንድ ሣጥን፣ በየሣጥኑ የየራሱ መጽሐፍ። ደንቡ ግልጽ ነው። ጥቅሉ ሲመጣ አብራሪው ራሱ ይወስዳል፣ ራሱ ያነባል፣ ራሱ ገጹን ይለውጣል፣ ከዚያም መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ባለው ሠንጠረዥ የማሻሻያውን ቁጥርና ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ፊርማው «አንብቤ ገብቶኛል» ማለት ነው። የእሷ ድርሻ የቢሮዎቹንና አውሮፕላኖቹ ውስጥ የሚቀመጡትን መጻሕፍት ማስተካከል፣ የአብራሪዎቹን ጥቅል በየሣጥኑ ማድረስ፣ አሮጌዎቹን ገጾች በመቁረጫ ማሽን ማስፈጨት ነበር።

ከማስፈጨቷ በፊት ግን ታነባለች። መጀመሪያ አካባቢ የምታነበው ጊዜው እንዲሄድላት ነበር፤ ኋላ ነገሩ ያዛት። አሮጌውን ገጽ በግራ፣ አዲሱን በቀኝ ታስቀምጥና የቱ ቃል እንደተለወጠ ትፈልጋለች። እንዲህ እያደረገች አንድ ነገር ልብ አለች። መጀመሪያ ከሆነ ቦታ የአደጋ ወሬ ይመጣል፤ ከወራት በኋላ ደብዳቤ ይመጣል፤ ከደብዳቤው በኋላ አንድ ገጽ ይመጣል፤ ገጹ ላይ አንድ ቁጥር ተለውጦ ታገኛለች። ስለዚህ ቁጥር ሲለወጥ ስታይ የሆነ ቦታ ሰው ተጎድቷል ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

አንድ ቀን ሁለት ካፒቴኖች በሯ ላይ ቆመው ሲከራከሩ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማቻቸው። ለማረፍ እየወረዱ ሳለ ዕይታው ከተፈቀደው በታች ቢወርድ፣ መቀጠል ይቻላል አይቻልም ነው ክርክሩ። እሷ ቀና ሳትል፣ «አንድ ሺህ ጫማ ሳይደርሱ ከሆነ መቀጠል የለም። አንድ ሺህን ካለፉ በኋላ ከሆነ ግን እስከ መወሰኛው ከፍታ ይወርዳሉ፤ እዚያ መብራቱን ካላዩ ይነሳሉ። ምዕራፍ ስምንት ላይ ነው» አለች። ገልጠው አዩ። ልክ ናት። ሽማግሌው ካፒቴን መነጽሩን አውልቆ ቁልቁል አያትና፣ «ይቺ ልጅ አንቀጽ ናት እንጂ ሰው አይደለችም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ አንቀጽ ሆኖ ቀረ። «አንቀጽን ጠይቃት»፣ «አንቀጽ ምን አለች?» ይባባላሉ። ቅጽል ስሙን ወደደችው። እቤት ገብታ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ አልገባትም፤ «ይሰድቡሻል እንዴ?» አለቻት።

ወንድሟ በዘጠኝ ዓመት ያንሳታል። አባታቸው በድንገት ሲሞት እሱ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሒሳብ ትማር ነበር። ትምህርቷን ትታ ሥራ የገባችው ያኔ ነው። ስለዚህ ነገር አታወራም፤ የሚያነሳባት ካለም ትቆጣለች። እናታቸው ወንድየውን ማሙሽ ነበር የምትለው፤ ትከሻው ላይ የካፒቴንነት ምልክት የሆነው አራተኛው መስመር ከተሰፋ በኋላም ማሙሽ ነው።

ማሙሽ እጁ የተባረከ ነበር። የበረራ አስተማሪዎቹ «ይሄ ልጅ አውሮፕላን ላይ ነው የተወለደው» ይሉ ነበር። ዓይኑ ግን ወረቀት ላይ አይቆይም። ረዳት አብራሪ ሆኖ ሰባት ዓመት ከበረረ በኋላ ካፒቴን ለመሆን ትልቁን የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ፈቃድ ፈተና መውሰድ ነበረበት፤ ያንን ፈተና ደግሞ በእጅ ብቻ አያልፉትም። ስድስት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ላስቲክ በለበሰው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እህቱ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል።

«ጄት አውሮፕላን ተለዋጭ ማረፊያው ጋ ሲደርስ ስንት ደቂቃ የሚያበር ነዳጅ መቅረት አለበት?»

«ሠላሳ።»

«በምን ፍጥነት?»

«በመደበኛው።»

«መደበኛው የሚባል ነገር የለም። እየዞረ በሚጠብቅበት ፍጥነት፣ ከማረፊያው አንድ ሺህ አምስት መቶ ጫማ ከፍ ብሎ።»

«እትዬ፣ ያው ሠላሳ ደቂቃ አይደል?»

«ያው አይደለም። እንደገና አንብበው። ደረቅ ማኮብኮቢያ ላይ ከመቶ ስንት እጁን ሳታልፍ መቆም አለብህ?»

«ስልሳ።»

«የቀረው አርባ ምን ሊሆን ነው?»

«ለክፉ ቀን።»

«እርጥብ ሲሆንስ?»

«አስራ አምስት ከመቶ ጨምር።»

«ከኋላ የሚገፋ ንፋስ ሲኖርስ?»

«ኧረ በእናትሽ፣ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ።»

እናትየዋ ከሳሎን ሆና «ተይው እስቲ ይረፍ፣ ልጁን ገደልሽው» ትላለች። ማሙሽ ተነስቶ ሻይ ይጥዳል፤ ለእህቱ ስኳር ሲጨምርላትም ሳይጠይቃት ሁለት ማንኪያ ነው፣ ያውቃል። እነዚያ ቅዳሜዎች በሕይወቷ ካየቻቸው ቀናት ሁሉ የተሻሉት ነበሩ። ያኔ ግን ይህን አታውቅም፤ የሚያልፉ አይመስሏትም ነበር።

ማሙሽ ፈተናውን አለፈ። ከስልሳ ተፈታኞች አራተኛ ወጣ። ውጤቱን የሰማ ዕለት ቢሮዋ ድረስ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ አቅፎ አነሳትና «ግማሹ ያንቺ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ በሥራ ቦታ እሷ ራሷ «ካፒቴን፣ ጥቅልዎ መጥቷል» እያለች በአንቱታ ትጠራው ጀመር። ጨዋታ ነበር። እሱም መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር፤ በኋላ መሳቁን ተወ።

ገጽ መለወጡን የጀመረችለት የሦስት ሳምንት በረራ ላይ በነበረ ጊዜ ነው። «እትዬ፣ ያን ጥቅል አንቺው አስገቢልኝ፣ ስመለስ አነበዋለሁ» አላት በስልክ። አስገባችለት። ሲመለስ ፈረመ። አነበበው ወይ? አልጠየቀችውም። ቀጥሎ ያለውንም አስገባች። አንድ ቀን መጽሐፉን ብትገልጥ ሠንጠረዡ ላይ ገና ያልመጡ የአርባ ማሻሻያዎች ፊርማ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ቁጥሩና ቀኑ ብቻ ነው ባዶ የሆነው። ትንሽ ወረቀት ሰክቶበታል፦ «እንዳትቸገሪ ብዬ ነው።»

ይህ ደንብ መጣስ እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበረም። ቁጥሩንና ቀኑን ግን ሞላች። ማሙሽ አግብቷል፣ ሁለት ልጆች ወልዷል፣ ከተማው ዳር ቤት እየሠራ ነው፤ እናቱን ለማየት የሚመጣው በወር አንዴ ቢሆን ነው፤ ሲመጣም መኪናውን አያጠፋም። ከእህቱ የሚፈልገው የቀረው ነገር ይህ ብቻ ነበር። ይህንንም ከልክላው ምን ሊያገናኛቸው ነው? ሠንጠረዡ ሲሞላ ሌላ ሠንጠረዥ ፈርሞ ሰጣት። እንዲህ እያሉ አስራ አንድ ዓመት ሞላቸው።

አንዴ አዲስ የመጣ ረዳት አብራሪ ሁለቱን አይቶ «ትመሳሰላላችሁ፣ ዘመድ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ካፒቴኑ ቦርሳውን እያነሳ፣ «የወረቀት ክፍሏ ሠራተኛ ናት» አለና ሄደ። ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ሰማችው። ውሸት አይደለም፤ የወረቀት ክፍል ሠራተኛ ናት። የዚያን ቀን ጥቅል ጨርሳ አስገባችለት።

የክረምቱ ዝናብ በበረታበት ወር የዓመቱ ማሻሻያ ቁጥር አርባ አንድ መጣ። ከስድስት ገጾች አንዱ ስለ አንዲት ኮረብታማ ከተማ ማረፊያ ነበር። ማኮብኮቢያዋ አጭር ናት፣ መጨረሻዋ ላይ ቦይ አለ። በአሮጌው ገጽ ላይ ከኋላ የሚገፋ ንፋስ ፍጥነቱ እስከ አስር ኖት ከሆነ ማረፍ ይፈቀድ ነበር። አዲሱ ገጽ «ማኮብኮቢያው እርጥብ ሲሆን ከአምስት ኖት በላይ አይፈቀድም» ይላል። ምክንያቱን ለመረዳት አብራሪ መሆን አያስፈልግም። ከኋላ የሚገፋ ንፋስ አውሮፕላኑን በፍጥነት መሬት ያስነካዋል፤ እርጥብ መሬት ላይ ደግሞ ፍሬን እንደልብ አይዝም። አስር ወደ አምስት ሲወርድ አይታ ደግማ አነበበችው። ገጹን አስገባችና ስልክ ደወለችለት።

«ማሙሽ፣ የዚያች የኮረብታዋ ከተማ ገጽ ተለውጧል። የኋላ ንፋሱን አንብበው።»

ከበስተጀርባው የሰው ጫጫታ ይሰማል። «እሺ፣ እሺ። እትዬ፣ የሳሎን ንጣፍ እየመረጥን ነው። ነጩ ይሻላል ግራጫው?»

«ግራጫው። ሰማኸኝ? የኋላ ንፋስ፣ እርጥብ ሲሆን።»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ» አለና ዘጋው።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልሳ ሁለት መንገደኞች ይዞ በዝናብ እዚያች ከተማ አረፈ። የአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ዘጠኝ ኖት የኋላ ንፋስ እንዳለ ነገረው። ረዳት አብራሪው «ካፒቴን፣ በቅርቡ የተለወጠ ነገር የለም እንዴ?» ብሎ ነበር፤ ድምፅ መቅጃው ላይ ተገኝቷል። ካፒቴኑ «አስር ነው ገደቡ፤ እንወርዳለን» አለ። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን ጨርሶ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ የፊት እግሩ ተሰበረ። ሰው አልሞተም። የፊት በር አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሆስተስ ግን የጀርባ አጥንቷ ተሰብሮ ከወገቧ በታች ሽባ ሆና ቀረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

ወሬው ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ አንቀጽ መጀመሪያ የጠየቀችው «ንፋሱ ስንት ነበር?» ብላ ነው። ወሬውን ያመጣው ሰውዬ ግራ ገባው። ሌላው ሰው ሁሉ የጠየቀው ስንት ሰው ሞተ ብሎ ነበር።

ወንድሟ በአራተኛው ቀን እቤት መጣ። ግንባሩ ላይ ፋሻ አለ። እናቱ ደረቱ ላይ ተደፍታ ካለቀሰች በኋላ ወደ ወጥ ቤት ገባና በሩን መለስ አደረገው። መኪናውን አጥፍቶት ነበር።

«መርማሪ ቦርዱ ሰኞ ይጠራሻል» አለ። «መጽሐፌን በአደጋው ማግስት ከሣጥኑ ወስደውታል። አዲሱ ገጽ እዚያ አለ፤ ፊርማዬም አለ። ድምፄ ደግሞ አስር ነው ሲል ተቀድቷል። ወይ ደንቡን አውቄ ጥሼያለሁ፣ ወይ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። የትኛውም ቢሆን አለቀልኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛ መንገድ አለ። ገጹን ያስገባሁት ከአደጋው በኋላ ነው በያቸው። ዘግይቶብኝ ነው፣ ደንግጬ ቀኑን ወደ ኋላ አድርጌ ጻፍኩት በይ። አንቺ ላይ ማስጠንቀቂያ ነው የሚጽፉት። ቢበዛ ሌላ ክፍል ይወስዱሻል።»

«ደወልኩልህ እኮ።»

«ስለ ንጣፍ ነው ያወራነው» አለ።

ትክ ብላ አየችው። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው አይመስልም፤ የፈራ ልጅ ነው የሚመስለው። ከልቡ የረሳ ይሆን? እስከ ዛሬም አታውቅም።

«አስብበታለሁ» አለችው።

እናቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላስቀመጠቻትም። «አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ማን ይጎዳብሻል? እሱ ግን የሁለት ልጆች አባት ነው። አንዲት ቃል ናት እኮ ልጄ። ወረቀት ዘገየ ብለሽ መናገር ምን ይከብዳል?» ትላታለች። ልጅቷ ስትሰማ ስትሰማ ቆይታ፣ «እማዬ፣ ወረቀት ዘግይቶብኝ አያውቅም» አለቻት። እናት በዚህ መልስ እርር ድብን አለች።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ጠበቋት። ሰብሳቢው ጡረታ የደረሰ የበረራ መርማሪ ነው። የወንድሟ መጽሐፍ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ ሠንጠረዡ ያለበት ገጽ ተገልጧል።

«ወይዘሪት፣ ይህ ገጽ መቼ ገባ?»

«ማሻሻያው በመጣ በማግስቱ። ከአደጋው ዘጠኝ ቀን በፊት።»

«ማን አስገባው?»

«እኔ» አለች። «ፊርማው የእሱ ነው። ግን የፈረመው ማሻሻያው ሳይመጣ ነው። ቁጥሩንና ቀኑን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ይህን ስንት ጊዜ አድርገዋል?»

«አስራ አንድ ዓመት።»

«ለእሱ ብቻ?»

«ለእሱ ብቻ። ወንድሜ ነው።»

«ገጹን አንብቦት ነበር ብለው ያስባሉ?»

«ደውዬ አንብበው አልኩት። አላነበበውም። ቢያነበው ኖሮ አያርፍም ነበር፤ ጥሩ አብራሪ ነው።»

ይህን ያለችው ልታድነው ብላ ነው። አውቆ ሰው ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው እንዳልሆነ እንዲያውቁላት ፈልጋ ነበር። የባሰ የጎዳችው ግን በዚህ ቃል ነው፤ የገባት ከዓመታት በኋላ ነው።

ውሳኔው በሁለት ወር መጣ። የእሱ ፈቃድ ለስድስት ወር ታገደ፣ ካፒቴንነቱም ተነሳ። እሷ «የሐሰት መዝገብ በመሙላት» ተብላ ተባረረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ምርመራው ሲጀመር የክፍሉ ኃላፊ የሁሉንም አብራሪዎች ሣጥን አስከፍቶ ነበር፤ እሷም አብራው ነበረች። ከመጻሕፍቱ ግማሽ ያህሉ ወይ ቀድሞ የተፈረመ ነው፣ ወይ የአንድ ዓመቱ ፊርማ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቀለም የተሞላ ነው። በዚያው ሳምንት በኃላፊው ትእዛዝ ሠንጠረዦቹ በሙሉ በአዲስ ተለወጡ። አሮጌዎቹን በማሽን የፈጨችው ራሷ ናት፤ የመጨረሻ ሥራዋም እሱ ሆነ። የቦርዱ ሪፖርት ላይ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር የለም። ለሰብሳቢው ደብዳቤ ጻፈች፤ «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣላት። ኃላፊው ዘንድሮም እዚያው ወንበር ላይ ነው።

ከእሷ ይልቅ የወንድሟ ነገር ወሬ ሆነ። አውቆ የጣሰ ካፒቴን ቢባል ኖሮ ይቆጡበት ነበር፤ አንዳንዱም በልቡ ደፋር ይለው ነበር። እህቱ ገጽ የምታስገባለት ካፒቴን ግን መሳቂያ ነው። እገዳው አብቅቶ በረዳት አብራሪነት ሲመለስ ከእሱ በስድስት ዓመት የሚያንሱ ካፒቴኖች አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። አንዱ ከበረራ በፊት ወረቀት እያቀበለው «እትዬ አንብባልሃለች?» አለው። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አንድ ዓመት እንዲህ ቻለ። ከዚያ በሌላ አገር የጭነት አውሮፕላን የሚያበር ድርጅት ቀጠረው፤ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። ግራጫ ንጣፍ የለበሰው ቤት ለሰው ተከራየ።

እናትየዋ ከሴት ልጇ ጋር ቀረች፤ ግን አኮረፈቻት። የሠራችላትን ትበላለች፣ ያጠበችላትን ትለብሳለች፣ አታናግራትም። የሚያስፈልጋት ነገር ሲኖር ለጎረቤቷ ትነግራለች፤ ጎረቤቷ ለልጅቷ ትነግራለች። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለ ፎቶኮፒ ቤት ሥራ አገኘች። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ትጠርዛለች። አንዳንዴ ገጽ የተዛነፈ ካገኘች «ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት ተቀያይረውብሃል» ብላ ትመልሳለች፤ ተማሪዎቹ እንዴት እንዳየችው ይገርማቸዋል።

ሆስተሷን ለማየት ድፍረት እስክታገኝ ሰባት ወር ፈጀባት። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ልጅቷ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ያንን ደረጃ የወረደችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ወንድሞቿ ተሸክመዋት። መስኮቱ አጠገብ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ቀለም ትቀባ ነበር። አንቀጽ ማንነቷን ስትነግራት ቀለሙን ከደነችው።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ወንድማቸው ሆኖ ሳለ እውነቱን ተናገሩ ብለውኛል። ትልቅ ሰው ናቸው አሉኝ።»

«ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«ለየትኛው?»

አንቀጽ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እኔ ያ እውነት ከዚያ በፊት ነበር የሚያስፈልገኝ» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከደበቁት በኋላ፣ እኔ ወንበር ላይ ከቀረሁ በኋላ፣ ለቦርዱ ነገሩት። ለእነሱ ጠቅሟቸው ይሆናል። ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሰው ሲጠይቀኝ ያች እውነተኛ ሴትዮ ልበል?» ከዚያ እናቷን ጠራችና፣ «እማዬ፣ እንግዳዋ ልትሄድ ነው» አለች።

ደረጃውን ስትወርድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ አለች። የልጅቷ እናት ከኋላዋ ወርዳ አገኘቻትና፣ ክንዷን ይዛ እስከ በሩ አደረሰቻት።

የአንቀጽ እናት የሞተችው ከአደጋው በኋላ በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ታማ አልጋ ላይ ሳለች እንኳ «ውኃ ስጪኝ» ያለችው ለጎረቤቷ ነበር። ማሙሽ በማግስቱ ከተፍ አለ። ጸጉሩ ሸብቷል። ለቀስተኛው እስኪያልቅ ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰው ተቀበሉ። በአራተኛው ቀን፣ እሱ ሊመለስ ሲል፣ የእናታቸውን ልብስ እያጣጠፉ ሳለ ነው አፉን የከፈተው።

«ገጹ በጊዜው ገብቷል ማለትሽ አይደለም የገደለኝ» አለ። «እሱን እንኳ ችዬዋለሁ። አላነበበውም ያልሽው ነው። ልጅ አደረግሽኝ።»

«ልጅ ያደረግኩህ ያኔ አይደለም» አለችው። «ቀድሜ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳስገባልህ።»

ይህን አልጠበቀም። የእናቱን ሹራብ ከክምሩ አነሳ። «ለምን አስገባሽልኝ ታዲያ?»

«እሱን ብለህ ትመጣልኝ ነበራ።»

ሹራቡን አጣጥፎ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። «አሁን ሁሉንም አነባለሁ» አለ። «አንድ ገጽ አላልፍም። እዚያ ያሉት አብራሪዎች ይገርማቸዋል። አነባለሁ፣ ግን እያንዳንዷን መስመር ስታነቢልኝ ድምፅሽን እሰማዋለሁ። ‘ያው አይደለም፣ እንደገና’ ስትዪ። በስንት አገር ላይ አብሬሽ እዞራለሁ። እሱን ነው የጠላሁት።»

ደስ ሊላት ይገባል ወይስ ማልቀስ አለባት? ካርቶኑን በፕላስተር አሸገችው። ታክሲው ሲመጣ ሻንጣውን እስከ በር ተሸክማ ወጣች፤ ተቀበላትና፣ ጉንጯን ሳመና ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኗል። አንዳንዴ ሚስቱ የልጆቹን ፎቶ በስልክ ትልካለች። ትልቁ ልጅ የበረራ ትምህርት ቤት ልግባ እያለ እንደሚያስቸግር ባለፈው ጽፋለች፤ አባቱ አልፈቀደለትም። አክስቲቱ ፎቶውን ደጋግማ አየችው። «ጎበዝ፣ አድጓል» ብላ መልስ ጻፈች፤ «ከገባም ራሱ ያንብብ» ብላ ጨምራ ነበር፣ መልሳ አጠፋችው። ከዚያ የሚጠረዙ የአርባ ሰዎች ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ስለነበር ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከታ ሥራዋን ቀጠለች።